አሞኒያው ወደ ታች ሲወርድ ቀነሰ፤ ናይትሮጅኑስ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከከተማ ወጥቶ በእርሻ መሃል ከሚያልፍ አንድ ትንሽ ወንዝ የውሃ ናሙና እየወሰድኩ ነው። ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ አሞኒያው በጣም ብዙ ነው። አራት አምስት ኪሎ ሜትር ወርጄ ስለካ ግን ግማሹን እንኳ አላገኝም። ጓደኞቼ ‹ወንዙ ራሱን አጥርቷል ብለሽ ጻፊ› ይሉኛል። እንደዚያ ማለት ይቻላል? ካልሆነስ ናይትሮጅኑ የት ሄደ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንደዚያ ብሎ ለመጻፍ ገና ነው። አሞኒያ መቀነሱን ለክተሻል፤ ናይትሮጅን መቀነሱን ግን አልለካሽም። አሞኒያው ከአራት አንዱ ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ሌላ ውሃ ተቀላቅሎት ቀጥኖ ይሆናል። ወደ ናይትሬት፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ወደተጣመረ ናይትሮጅን፣ ተቀይሮ ይሆናል። አልጌውና ጭቃው ለጊዜው ይዘውት ይሆናል። ወይም በእርግጥ ጋዝ ሆኖ ከውሃው ወጥቷል። ወንዝ ራሱን አጠራ የሚባለው በመጨረሻው ብቻ ነው። በሦስቱ ናይትሮጅኑ እዚያው ወንዙ ውስጥ አለ፤ ታች ያለ ሰው ይቀበለዋል።

የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ናይትሮጅን ወንዝ ውስጥ ምን እንደሚያጋጥመው ማወቅ ያስፈልጋል። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ግን ሁለት ሁለት አተም ሆኖ በጣም ጠብቆ ስለተያያዘ ተክልም ሆነ እንስሳ በቀጥታ አይጠቀምበትም። ያንን ማሰሪያ የሚፈቱት መብረቅና ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶች ብቻ ነበሩ። ባቄላና ሽምብራ ሥር ላይ የሚኖሩትን ታውቂያቸዋለሽ። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ይህንኑ የሚሠሩም አሉ። በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ የአሞኒያ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ሰውም ቻለበት። ዛሬ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ሰብሉ የሚወስደው ከፊሉን ነው። ከተረፈው ውስጥ ጥቂቱ ወደ አየር ይሄዳል፣ ጥቂቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ጥቂቱ ደግሞ ዝናብ ጠብቆ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ከከተማ የሚመጣው በዋናነት ከሽንት ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ከማዳበሪያው ዩሪያ ጋር በኬሚስትሪ አንድ ነው። ሁለቱም አፈርና ውሃ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ተሰባብረው በጥቂት ቀናት ውስጥ አሞኒየም፣ ማለትም አሞኒያ ውሃ ውስጥ በአብዛኛው የሚይዘው መልክ፣ ይሆናሉ። አንቺ ከፍሳሹ አጠገብ ያገኘሽው ይህንን ነው።

(የሰው እጅ ባይኖርም ወንዝ በናይትሮጅን ይጨናነቃል። ኬንያ ውስጥ ማራ ወንዝ ላይ ከ4,000 በላይ ጉማሬዎች አሉ። ሌሊት ሜዳ ላይ ሣር ሲግጡ ያድራሉ፤ ቀን ወንዙ ውስጥ ተኝተው ይጸዳዳሉ። በደረቅ ወቅት እበታቸው ኩሬ ሥር ይከማቻል። ድንገት ጎርፍ ሲመጣ ያ ሁሉ ይታጠብና የታችኛውን ውሃ ኦክስጅን ያሳጣዋል። ዓሣ በገፍ ያልቃል።)

ወደ አንቺ አሞኒያ እንመለስ። ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ በአሞኒየም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። መጀመሪያ ናይትራይት፣ ከዚያ ናይትሬት ያደርጉታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች በ1890 ገደማ ለይቶ ያሳየው ሩሲያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው እየተባለ ኖረ። አንዱ ቡድን ናይትራይት ድረስ ያደርሳል፣ ሌላው ተቀብሎ ይጨርሳል ማለት ነው። በ2015 ሁለቱንም ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። የመማሪያ መጽሐፍሽ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ ይህ አይገኝበትም።

ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሂሳቡ ነው። አንድ ግራም የአሞኒየም ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን 4.57 ግራም ኦክስጅን ይበላል። ከናይትሮጅኑ አንዲት ሚሊግራም አልጎደለችም። የጎደለው ኦክስጅኑ ነው። አሞኒያ ብቻ የሚለካ ሰው ግን ወንዙ የጠራ ይመስለዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በፍሳሽ በተጎዳ ወንዝ ላይ አሞኒያ ወደ ታች ቀነሰ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ለውጡ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ በተለይ ውሃው ሲሞቅና ፒኤች ሲጨምር፣ ማለትም አሲድነቱ ሲቀንስ። ናይትሬት ለዓሣ ያን ያህል አይከፋም። ችግሩ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሰርጎ ሲገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ወሰኑ የተቀመጠው በዋናነት ወተት በጡጦ ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት ሲባል ነው። ናይትሬት ሲበዛ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

አሁን ወደ መያዝ እንሂድ። ሐይቅ ውስጥ ናይትሮጅን ቢዞር እዚያው ይዞራል። ወንዝ ግን ይሄዳል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጃክ ዌብስተርና ባልደረቦቹ ይህን ሲያስቡ፣ የወንዝ ዑደት ክብ ሳይሆን እየተጎተተ የሚሄድ ጥምዝምዝ ነው አሉ። እኔ ለተማሪዎቼ በሚኒባስ ነው የማስረዳው። አንዲት የናይትሮጅን አተም ውሃው ላይ ተሳፍራ ትሄዳለች። የሆነ ቦታ «ወራጅ አለ» ትላለች። ድንጋይ ላይ ያለ አልጌ ወይም የበሰበሰ ቅጠል ላይ ያለ ፈንገስ ይቀበላታል። አልጌውን የነፍሳት እጭ ይበላዋል፤ እጩን ዓሣ ይበላዋል። ዓሣው ሲጸዳዳ ወይም ሲሞት አተሟ እንደገና ትሳፈራለች፤ ሌላ ፌርማታ ድረስ። ተሳፍራ እስክትወርድ የሄደችው ርቀት በእኛ ሙያ ትልቅ መለኪያ ነው። አጭር ከሆነ ወንዙ ናይትሮጅን ተርቧል። ረዥም ከሆነ ጠግቧል።

ይህን ርቀት መለካት ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። አንቺ የጨመርሽውን ናይትሮጅን ቀድሞ ከነበረው በምን ትለይዋለሽ? መፍትሔው ናይትሮጅን 15 ሆነ። በተፈጥሮ ካለው ናይትሮጅን 0.37 በመቶ ገደማው ይህ ትንሽ ከበድ ያለ ዓይነት ነው። ራዲዮአክቲቭ አይደለም፤ ማንንም አይጎዳም። ጥቂቱን ጅረት ላይ ካንጠባጠቡት በኋላ በአልጌው፣ በቅጠሉ፣ በእጩና በዓሣው ውስጥ እየፈለጉ ይከተሉታል።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን በ12 ትናንሽ ጅረቶች ላይ ሠርተው ውጤቱን በ2001 አወጡ። አሞኒየሙ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ከውሃው ተነሥቷል። ናይትሬት በአማካይ ከዚያ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ርቆ ይሄዳል። እነዚያ ጅረቶች በአብዛኛው፣ ከዙሪያቸው ከሚገባላቸው አሞኒየምና ናይትሬት ወደ ታች የሚያሳልፉት ከግማሽ በታች ነበር። «ወንዝ ራሱን ያጠራል» የሚለው እምነት መሠረት አለው ማለት ነው። ግን ጅረቶቹ ትናንሽና ብዙም ያልተነኩ መሆናቸውን አትርሺ። የአንቺ ወንዝ እንደዚያ አይደለም።

የተያዘ ናይትሮጅን ደግሞ ሊለቀቅ ይችላል። ለዘለቄታው የሚያስወግደው ዲናይትሪፊኬሽን የሚባለው ነው። ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬትን ይተነፍሳሉ። ናይትሬቱ በመጨረሻ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ ወደ መጣበት አየር ይመለሳል። ለዚህ ናይትሬት፣ ምግብ የሚሆን ካርቦን፣ የኦክስጅን እጦት እና ጊዜ በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። በሚፈሰው ውሃ መሃል አይገናኙም፤ እዚያ ኦክስጅን አለ። የሚገናኙት ጭቃ ውስጥ፣ ቅጠል ተከምሮ በሚበሰብስበት ጥግ፣ ከወንዙ ወለል ሥር ባለው አሸዋና ጠጠር ውስጥ ነው።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የወንዝ ውሃ የሚሄደው ዓይናችን በሚያየው ብቻ አይደለም። ከሥሩ ባለው ጠጠር ውስጥም ይፈሳል። አንዱ ጋ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ወረድ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ሲገባ ኦክስጅን ይዞ ነው፤ አሞኒየሙ ናይትሬት ይሆናል። ውስጥ ሲቆይ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ናይትሬቱ ጋዝ ይሆናል። ጭቃ ላይ ደግሞ ሁለቱ ሥራዎች በሚሊሜትር ርቀት ተጎራብተው ይሠራሉ። ወንዙ በተጠማዘዘ፣ ድንጋይና የወደቀ ግንድ በበዛበት ቁጥር ይህ መግባትና መውጣት ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጅረትን ቀጥ አድርጎ ወለሉን በሲሚንቶ መድፈን ለዓይን ያምራል፤ ለናይትሮጅን ግን መጥፎ ነው። ውሃው ቶሎ ስለሚያልፍ ጊዜ የለም። ጠጠር የለም፣ ቅጠል የለም፣ ጭቃ የለም። ወንዙ ቱቦ ሆነ ማለት ነው። የወንዝ ዳር ልማት ሲታሰብ መሐንዲሶቹ ዳሩን እንደፈለጉ ቢያስውቡት ግድ የለኝም፤ ወለሉን ግን ባይነኩት ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የምነግርሽ ለጥያቄሽ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግሽ ነው። ከ12ቱ ጅረቶች በኋላ ሥራው ሰፋ ብሎ በ72 ጅረቶች ላይ ተሠራ። በስምንት አካባቢዎች ያሉ ናቸው። ከፊሉ በተፈጥሮ መሬት፣ ከፊሉ በእርሻ፣ ከፊሉ በከተማ ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ የተንጠባጠበው ናይትሬት ነበር፤ ለ24 ሰዓት ያህል። በፓትሪክ ሙልሆላንድ የተመራው ቡድን ውጤቱን በ2008 አሳተመ። ጅረቶቹ በውጤታቸው ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው ጅረት፣ ከውሃው ከተነሣው ናይትሬት በዲናይትሪፊኬሽን የሄደው 16 በመቶው ነበር። አብዛኛው የተያዘ እንጂ የተወገደ አይደለም።

ሁለተኛው ግኝት ከዚህም ይብሳል። ወንዝ ላይ ናይትሬት ሲጨመር ወንዙ የሚይዘውና የሚያስወግደው መጠን ይጨምራል፤ ከገባው ጋር ሲነጻጸር ግን ድርሻው ይቀንሳል። ባክቴሪያውና አልጌው ጉልበታቸው ውስን ነው። ጥቂት ሲገባ አብዛኛውን ያነሡታል። ብዙ ሲገባ አብዛኛው ያልፋቸዋል። ወንዝ ራሱን የሚያጠራው፣ ማጥራቱ ብዙም በማያስፈልግበት ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እናም ከፍሳሽ ሥር ያለ ወንዝ አጠራ ሲባል መጠራጠር ተገቢ ነው።

የወንዙ ስፋትም ወሳኝ ነው። በሚሲሲፒ ተፋሰስ ላይ ተሠርቶ በ2000 የወጣ ጥናት ናይትሮጅን ከውሃው የሚቀንስበትን ፍጥነት፣ ካለው ናይትሮጅን ጋር በተነጻጸረ መጠን፣ አስልቷል። በትናንሾቹ ጅረቶች በቀን 0.45 ነበር፤ በዋናው ሚሲሲፒ 0.005። ዘጠና እጥፍ ይለያያሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጅረት ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ሁሉ ከወለሉ ጋር ይነካካል። ትልቅ ወንዝ ውስጥ ግን አብዛኛው ውሃ ጭቃውን ሳይነካ ያልፋል።

ይህን ወደ እኛ አምጪው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች ትንንሽ ሳሉ፣ ማለትም ብዙ መሥራት በሚችሉበት ቦታ ላይ፣ የከተማው ፍሳሽ ይጫናቸዋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ያንን ይዘው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አባ ሳሙኤል ላይ የተነጠፈውን እንቦጭ አይተሽው ይሆናል። ቆቃና አዋሽ ላይ ደግሞ እንቦጭ መኖሩ የተመዘገበው ገና በ1965 ነው። እንቦጭ ናይትሮጅን ይይዛል፤ እውነት ነው። ነቅለው ዳር ላይ ሲተዉት ግን ይበሰብስና የያዘው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የተጫነበት ሁሉ፣ ጋዝ ሆኖ ካልወጣ በቀር፣ እዚሁ ተፋሰሱ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ስለ መሬቱም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሃባርድ ብሩክ በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች በ1965 መጨረሻ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎችን በሙሉ ቆረጡ። እንዳያቆጠቁጥም ለሦስት ዓመት በመድኃኒት አገዱት። በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከ40 እጥፍ በላይ ጨመረ። ማዳበሪያ አልተጨመረም፤ ፍሳሽም አልነበረም። አፈሩ ውስጥ የነበረውን የሚቀበል ሥር ስለጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙና የምትወስጂበት ዳር ላይ ዛፍና ቁጥቋጦ መኖር አለመኖሩን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ።

ወቅትንም አትዘንጊ። በ1958 ኬንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው በርች የተባለ የአፈር ተመራማሪ፣ የደረቀ አፈር እንደገና ሲርስ ናይትሮጅን በብዛት እንደሚለቅ ጻፈ። የእኛም ገበሬ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ለሰብል የተለየ መሆኑን ያውቃል። ለወንዝ ግን ያ ዝናብ ከባድ ጭነት ነው። በበጋ ወንዙ ቀጭንና ዘገምተኛ ስለሆነ ብዙ ይይዛል። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ወለሉን ሲጠርገው የተያዘው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የበጋ ናሙና ብቻ ካለሽ የዓመቱን ግማሽ ታሪክ ነው የያዝሽው።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ ክሎራይድ ለኪ። ክሎራይድ ከሽንትና ከጨው ይመጣል፤ አልጌም ባክቴሪያም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሱ የሚቀንሰው ውሃው ሲቀጥን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ ላይ 60 ሚሊግራም ክሎራይድና 20 ሚሊግራም ናይትሮጅን፣ ታች 40 ክሎራይድና 10 ናይትሮጅን አገኘሽ እንበል። በመቅጠን ብቻ ቢሆን ናይትሮጅኑ 13.3 ይሆን ነበር። 10 ስለሆነ 3.3ቱ፣ ማለትም ሩቡ፣ ተይዟል ወይም ወጥቷል። የቀረው ቅነሳ የመቅጠን ነው። መሃል ላይ የሚቀላቀል ገባር ካለ እሱንም ለብቻው ለኪ፤ የራሱን ናይትሮጅን ይዞ ይመጣልና።

ሁለተኛ፣ አሞኒየምን ብቻ ሳይሆን ናይትራይትን፣ ናይትሬትንና ከተቻለ ጠቅላላ ናይትሮጅንን ለኪ። ሁሉንም ወደ ናይትሮጅን መጠን ቀይሪያቸው። ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ናይትሬትን በ4.43፣ ናይትራይትን በ3.29፣ አሞኒየምን በ1.29 ታካፍያለሽ። 50 ሚሊግራም ናይትሬት 11.3 ሚሊግራም ናይትሮጅን ነው። ይህን ሳታደርጊ ብትደምሪያቸው ድምሩ ትርጉም የለውም። የሟሟ ኦክስጅንም ለኪ፤ ወረድ ሲል ከቀነሰና ናይትሬት ከጨመረ መልሱ በእጅሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ያንኑ ውሃ ተከተዪ። ላይኛውን ጠዋት፣ ታችኛውን ከሰዓት ከወሰድሽ ሁለት የተለያዩ ውሃዎችን ነው የምታወዳድሪው። ብርቱካን ወንዙ ላይ ጥለሽ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እዪ፤ የፍጥነቱን ግምት ይሰጥሻል። ፕሮጀክትሽ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ መሣሪያ) ካለው ጨው በጥብጠሽ መልቀቅ ይሻላል። ቀንና ሌሊትም ልዩነት አለው። ፍሎሪዳ ውስጥ ኢቸታክኒ በሚባል ከምንጭ በሚነሣ ወንዝ ላይ ናይትሬት ቀን ቀን ዝቅ፣ ሌሊት ሌሊት ከፍ ሲል በመሣሪያ ተመዝግቧል። ተክሎቹና አልጌዎቹ ፀሐይ እያለ ስለሚመገቡት ነው።

ጋዝ ሆኖ ወጣ የሚለውን ማረጋገጥ በአንድ የማስተርስ በጀት ከባድ ነው። ግዴታም የለብሽም። ከጻፍሽው ግን አንድ አንቀጽ ስለ ናይትረስ ኦክሳይድ ጨምሪ። ዲናይትሪፊኬሽን ሁልጊዜ መጨረሻው ድረስ አይሄድም። አንዳንዴ መንገድ ላይ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል፤ ያ ደግሞ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ270 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። በእነዚያው 72 ጅረቶች ላይ ተመሥርቶ በ2011 የወጣ ሥራ፣ በዲናይትሪፊኬሽን ከሚሄደው ናይትሮጅን በዚህ መልክ የሚያመልጠው ከአንድ በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። በዓለም ወንዞች ሁሉ ሲደመር ግን ሰው ከሚለቀው ናይትረስ ኦክሳይድ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል ብሎ ገምቷል።

እስከዚያው ድረስ ጽሑፍሽ ላይ «በዚህ ርቀት ውስጥ የአሞኒየም መጠን ቀንሷል» ብለሽ ተዪው። ፈታኝ ቢጠይቅሽም በዚያ ዓረፍተ ነገር አትወድቂም። ናይትሬቱንና ክሎራይዱን ስትጨርሺ ቁጥሮቹን ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።